ከላሜራ የተቆረጠው መንጠቆ ለምን ተሰነጠቀ? ስለ ብረት መዳመጥና መቀጥቀጥ የተሰጠ ምላሽ

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «ኮምቦልቻ ላይ የብየዳና የቶርኖ ሥራ የምንሠራ አራት ጓደኛሞች ነን። ለአንድ የጭነት መኪና ባለቤት 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ በጋዝ ቆርጠን የመጎተቻ መንጠቆ ሠራንለት። ከአራት ወር በኋላ ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ ተመለሰ። ደሴ ያሉ አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ አይተውት ‹ይህ የተዳመጠ ብረት ነው፤ ተቀጥቅጦ ቢሠራ ኖሮ አይሰነጠቅም ነበር› አሉን። እውነታቸውን ነው? በተዳመጠና በተቀጠቀጠ ብረት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እኛስ ቀጥቅጠን ልንሠራው እንችላለን?»

ሽማግሌው የነገሯችሁ ግማሹ ትክክል ነው፤ እንዳለ ቢወሰድ ግን ወደ ሌላ ስሕተት ይመራችኋል። የተዳመጠ ብረት በራሱ ደካማ ቢሆን ኖሮ በሕንፃ ምሰሶ ውስጥ የምናስገባው ፌሮ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ የጭነት መኪናው ባልስትራም ደካማ በሆኑ ነበር፤ ሁሉም ከተዳመጠ ብረት የሚሠሩ ናቸውና። መንጠቆአችሁን ለስንጥቅ የዳረገው ብረቱ ሲዳመጥ የተሳበበት አቅጣጫ መንጠቆው ሸክም ከሚቀበልበት አቅጣጫ ጋር አለመገጣጠሙ ይመስለኛል፤ በዚህ ላይ ደግሞ የጋዝ መቁረጫው ትቶት የሄደው ጠርዝ አለ። ሁለቱንም በየተራ ላስረዳ።

ስለ መዳመጥ ስናወራ ቃሉ ራሱ ይረዳናል። እናቶቻችን ጥጥን ከፍሬው ለመለየት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የብረት ዘንግ ሲያንከባልሉ «ይዳምጣሉ» እንላለን፤ መንገድ የሚደለድለውንም ከባድ መኪና «ዳምጠው» ብለነዋል። የብረት መዳመጫ ማሽን ግን ሁለት ሲሊንደሮች አሉት፤ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ከሚገባው ብረት ውፍረት ያነሰ ነው። ብረቱን ጎትቶ ወደ ክፍተቱ የሚያስገባው ሰበቃ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ እጅግ ለስላሳ ወይም ብረቱ እጅግ ወፍራም ከሆነ አይነክሰውም፤ ብረቱ አፉ ላይ ቆሞ ይንሸራተታል። በአንድ ማለፍ ሊቀነስ የሚችለው ከፍተኛ ውፍረት የሚገኘው የሰበቃውን መጠን በራሱ አባዝቶ ውጤቱን በሲሊንደሩ ሬዲየስ በማባዛት ነው። ሬዲየሱ 250 ሚሊ ሜትር፣ ሰበቃው 0.3 በሆነበት የጋለ ብረት ሥራ እስከ 22.5 ሚሊ ሜትር መቀነስ ይቻላል፤ በዚያው ማሽን በዘይት ለስልሶ በቀዝቃዛው ሲዳመጥ፣ ሰበቃው 0.1 ቢሆን፣ የሚቀነሰው ከ2.5 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ብረት በብዙ ማለፍ እንጂ በአንድ ጊዜ የማይዳመጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሲዳመጥ ብረቱ አይጠፋም፤ ከውፍረቱ የተወሰደው ወደ ርዝመቱ ይሄዳል። ይህን በቁጥር ማየት ያስገርማል። ጎኑ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ተዳምጦ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሲሆን፣ የተቆረጠ ፊቱ ስፋት ከ22,500 ወደ 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ማለት እያንዳንዱ ሜትር ወደ 199 ሜትር ገደማ ተሳበ ማለት ነው። በጉዞው ላይ ክፍተቱ አንዴ ሞላላ፣ አንዴ ክብ እየሆነ ብረቱን ይቀበለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሲሊንደሮች ደግሞ በላያቸው የተቀረጸው ጎድጓዳ መስመር በፌሮው ላይ የምናየውን ጥርስ ያትምበታል። እንዲህ ባለ ቦይ ባላቸው ሲሊንደሮች ዘንግ መዳመጥን ሄንሪ ኮርት የተባለ እንግሊዛዊ በ1783 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል፤ አሠራሩ በመሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው።

አሁን ወደ እናንተ ላሜራ ልመለስ። በብረት ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ባዕድ ነገር አለ፤ በተለይ የማንጋኒዝና የድኝ ውሁድ የሆኑ ጥቃቅን እንክርዳዶች ይገኙበታል። ብረቱ ሲዳመጥ እነዚህ እንክርዳዶች እንደ ሊጥ አብረው ይሳባሉ፤ ድቡልቡል የነበረው ቀጭን ክር ይሆናል። ብረቱ ከጋለ በኋላ የራሱ ቅንጣቶች እንደገና ክብ ክብ ሆነው ይፈጠራሉ፤ የተሳቡት እንክርዳዶች ግን በተሳቡበት አቅጣጫ ተዘርግተው ይቀራሉ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ ላሜራን መልሶ ማጋልና ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ጥንካሬውን ሊያስተካክል ይችላል፣ የክሩን አቅጣጫ ግን አያጠፋውም። ስለዚህ አንድ ላሜራ በተዳመጠበት አቅጣጫ ሲጎተት ጠንካራና ታጋሽ ነው፤ ወደ ጎን ሲጎተት ደግሞ የመጎተት ጥንካሬው ብዙም ሳይቀንስ የመለጠጥና ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙ ያንሳል።

እንጨት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የመጥረቢያ ዛቢያ የሚጠርብ ሰው የእንጨቱ ክር ከዛቢያው ርዝመት ጋር እንዲሄድ ያደርጋል፤ ወደ ጎን የሄደ ዛቢያ በመጀመሪያው ምት ይቀነጠሳል። ገበሬውም የታጠፈ ነገር ሲፈልግ ከጣውላ ቆርጦ አያወጣም፤ ተጣሞ የበቀለ ቅርንጫፍ ፈልጎ ይመርጣል፣ ክሩ ከመታጠፊያው ጋር አብሮ ስለሚዞር። እናንተ ግን መንጠቆውን ከጣውላ ቆረጣችሁት። ላሜራው ሲቆረጥ የመንጠቆው ቀጥታ አንገት በክሩ አቅጣጫ ቢሆን እንኳ፣ ብረቱ ዞሮ ሆዱ ላይ ሲደርስ ክሩ ተቆርጦ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሚጎትተው ኃይል ደግሞ የመንጠቆውን የውስጥ ገጽ በመታጠፊያው ዙሪያ ይለጥጠዋል። አንገቱን ከክሩ አቋርጣችሁ ቆርጣችሁት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፤ ያን ጊዜ መታጠፉ እጅግ የሚበረታበት የጎኑ ክፍል በሙሉ በተቋረጠ ክር ላይ ይቆማል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የላሜራው ረጅም ጎን የተዳመጠበት አቅጣጫ ነው፤ ከሱቅ ተቆራርጦ ሲገዛ ግን ይህ ምልክት ይጠፋልና ከመቆረጡ በፊት በኖራ መስመር ማስመር ልማድ ይሁንላችሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠርዙ ነው። በጋዝ የተቆረጠ ብረት በነበልባሉ መንገድ ላይ እጅግ ግሎ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ካርቦኑ ከፍ ያለ ላሜራ ከሆነ ጠርዙ ይጠነክርና ይሰባበራል። የነበልባሉ መስመሮችም ጥቃቅን ጭረት ሆነው ይቀራሉ። ስንጥቅ ደግሞ መነሻ የሚሻው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ለማሽን የሚሆን ማንሻ ክንድ ከወፍራም ላሜራ እኔው በጋዝ ቆርጬ፣ ጠርዙን ሳልሞርድ ገጥሜው ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። የተሰበረውን ፊት በማጉያ መስታወት ስመለከተው ግማሹ ለስላሳ ሆኖ የተቆረጠ ግንድ ዓመታዊ ቀለበት የመሰሉ ቅስት መስመሮች ነበሩበት፤ የቀረው ግማሽ ግን ሻካራና የሚያብረቀርቅ ነበር። ለስላሳው ቀስ በቀስ፣ በየጭነቱ ጥቂት ጥቂት የተሰነጠቀው ሲሆን፣ ሻካራው በመጨረሻው ቅጽበት በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ነው። የቀለበቶቹ ሁሉ እምብርት ወደ አንድ ነጥብ ያመለክት ነበር፤ ያም ሳልሞርደው የተውኩት የጋዝ ጭረት ነው። የብረት መድከም የምንለው ይህ ነው። ስንጥቁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጽፎ ይተዋል፤ እናንተም የራሳችሁን መንጠቆ እንዲሁ ልታነቡት ትችላላችሁ፣ አነባበቡን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

መቀጥቀጥ የሚለየው የት ላይ ነው? ብረቱ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ተመትቶ ቅርጽ ሲይዝ ክሩ አይቆረጥም፤ ከቅርጹ ጋር ይታጠፋል። መንጠቆ ከክብ ዘንግ ተግሎ ሲታጠፍ፣ ዘንጉ ሲዳመጥ ያገኘው ክር ከአንገት ተነሥቶ በሆዱ ዞሮ ጫፉ ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ ጥሩ የተቀጠቀጠ መንጠቆ መነሻው የተዳመጠ ዘንግ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ተፎካካሪዎች አይደሉም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል። ሚስማርን እዩ፤ የጋለ ብረት ተዳምጦ ሽቦ ይሆናል፣ ሽቦው ተስቦ ይቀጥናል፣ ራሱ ግን በቀዝቃዛው በምት ተቀጥቅጦ ይሰፋል። የፋብሪካ ቡሎንም እንዲሁ ራሱ ይቀጠቀጣል፣ ጥርሱ ደግሞ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል እየተንከባለለ ይታተምበታል፤ በቶርኖ የተቆረጠ ጥርስ ክሩን ስለሚቆርጠው በተደጋጋሚ ሸክም ቶሎ ይደክማል፣ ታትሞ የወጣው ግን የጥርሱ ሥር ተጨምቆ ስለሚቀር ረዘም ያለ ዕድሜ አለው። ቶርኖ ላላችሁ ለእናንተ ይህ ከመንጠቆው ባላነሰ የሚጠቅም ነገር ይመስለኛል፤ በየዕለቱ ለጭነት መኪና ቡሎን የምትሠሩ ከሆነ በተለይ።

ሦስተኛው መንገድ፣ ብረትን አቅልጦ ማፍሰስ፣ ከሁለቱም የተለየ ነው። መቅደላ ላይ የቆመው የአጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ፣ ከብረት ሳይሆን ከነሐስ ቢሆንም፣ እንዲሁ በጋፋት ቀልጦ የፈሰሰ ነው፤ ፈሳሹ በቅርጽ ውስጥ ስለረጋ ክር የለውም፣ በየአቅጣጫው እኩል ነው፣ በአንጻሩ አየር የታመቀበት ትንሽ ቀዳዳ ሊያዝል ይችላል። ጥሩ ቅጥቀጣ እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ይዘጋዋል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ምቱ ውስጥ ድረስ ሲደርስ ብቻ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ ጥያቄአችሁ ሦስተኛ ክፍል ይወስደኛል። ባለ 4 ወይም ባለ 5 ኪሎ መዶሻ በ40 ሚሊ ሜትር ዘንግ ላይ የሚያርፈው ምት አብዛኛው ገጹ ላይ ያበቃል። ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ዘንግ ሲቀጠቀጥ ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ምቱ ከገጹ አላለፈም፣ ወደ ውጭ ካበጠ ግን እምብርቱ ድረስ ደርሷል። ስለዚህ በእጅ መዶሻ ወፍራም ብረት መሳብ አደገኛ ነው፤ ውስጡ ሊፈነዳ ይችላል። በእጅ መዶሻ ማጠፍ ግን ይቻላል፣ ለመንጠቆም የሚያስፈልጋችሁ በዋናነት ማጠፍ ነው።

በደሴ አንድ ሽማግሌ ማረሻ ሲያሾሉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ጫፉን ክብ አድርገው አላሾሉትም፤ በመስፉ ላይ እያገላበጡ በመጀመሪያ አራት ማዕዘን አደረጉት፣ እየሳቡ እየሳቡ ሄደው ክብነቱን ለመጨረሻ አቆዩት። ክቡን በክብነቱ ቢመቱት መሐሉ እንደሚሰነጠቅ ከአባታቸው እንደተማሩ ነገሩኝ፤ በምሕንድስና መጻሕፍት ያለውም ምክር ይኸው ነው። ሌላም ነገር አስተዋልኩ፤ ወናፉን የሚያናፋው ልጅ አንድም ጊዜ አላረፈም። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ አየሩ ከባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ከሰሉ እኩል ሙቀት እንዲሰጥ በዚያው ልክ ብዙ አየር መንፋት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል በመጠኑ ትሻላለች፣ ሆኖም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ንፋስ መስጫ ብትገጥሙ ትርፉ ግልጽ ነው።

ለመንጠቆው መካከለኛ ካርቦን ያለው፣ ማለትም ከ0.4 እስከ 0.45 በመቶ ካርቦን የያዘ ክብ ዘንግ ምረጡ፤ ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በሜትር 9.9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስትገዙ ይህን ቁጥር ያዙ። ባልስትራ አትጠቀሙ። ባልስትራ ወደ 0.6 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ነው፤ ለቢላዋና ለመጥረቢያ እጅግ ጥሩ ነው፣ ለመጎተቻ ግን ሳያስጠነቅቅ የሚሰበር ነገር ሊሆን ይችላል። ጥሩ መንጠቆ ከመሰበሩ በፊት መከፈት አለበት፤ አፉ ሲሰፋ ያየ ሰው ሸክሙን ያወርዳል። ፌሮም አትጠቀሙ፤ በተለይ ከማሽኑ ሲወጣ በውሃ ተመትቶ ላዩ የጠነከረው ፌሮ ጥንካሬው ያለው በዚያ ቅርፊት ላይ ስለሆነ፣ በእሳት ሲግል ጥንካሬው ይሄዳል። በግንባታ ቦታዎች ፌሮን በእሳት አግለው ሲያጥፉ ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ዘንጉን እስከ 1,150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ አግሉት፤ ይህ በጥላ ውስጥ ብርቱካናማው ወደ ቢጫ የሚያልፍበት ቀለም ነው። በፀሐይ ላይ ቀለም አይታመንም፣ ምድጃችሁ ጥላ ውስጥ ይሁን። ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ተቃጥሏል፤ የቅንጣቶቹ ድንበር ቀልጦ ስለሚሆን ያንን ክፍል ቆርጦ ከመጣል በቀር መድኃኒት የለውም። ቀለሙ ወደ ደማቅ ቀይ፣ ማለትም ወደ 850 ዲግሪ ሲወርድ መምታት አቁሙና መልሱት። በተለይ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ ብረቱ የቀዘቀዘ በሚመስልበት ግን ገና በሚፋጅበት ጊዜ፣ በፍጹም አትምቱት፤ በዚያ ክልል ብረት ከቀዝቃዛው ይልቅ ይሰባበራል። ታጥፎ ካለቀ በኋላ እንደገና ወደ 870 ዲግሪ አግላችሁ በማይነፍስ አየር ይቀዝቅዝ፤ ሲቀጠቀጥ ያደጉት ቅንጣቶች በዚህ ይደቃሉ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ማግኔት ይረዳል፤ ብረት በ770 ዲግሪ ማግኔት መያዙን ስለሚያቆም፣ ከዚያ ቀለም ጥቂት ከፍ ማለት ነው። ውሃ ውስጥ አትንከሩት።

በመጨረሻ የውስጡን መታጠፊያ በሞረድና በአሸዋ ወረቀት እስኪለሰልስ ድረስ ሥሩት፤ ሞረዱ የሚተወው መስመር በመታጠፊያው ርዝመት ይሂድ እንጂ አያቋርጠው። ስንጥቅ መፈለጊያ ቀይ ፈሳሽና ነጭ ዱቄት በመርጫ ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ቀዩን ቀብቶ፣ ጠርጎ፣ ነጩን ሲረጩበት በዓይን የማይታየው ስንጥቅ ቀይ መስመር ሆኖ ይወጣል። ከዚያም መንጠቆው ከሚሠራበት ሸክም በላይ በሆነ የታወቀ ሸክም፣ ሰው በሌለበት፣ ተጎትቶ ይፈተን፤ አፉን በካሊፐር ከፈተናው በፊትና በኋላ ለኩ፣ ከሰፋ አትሽጡት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወጣል፤ በዚያ ዳገት ላይ የቆመ ጭነት መኪና በእናንተ መንጠቆ ሲጎተት ከኋላው ሰው አለ። መፈተኛ ካላገኛችሁ፣ ሸክሙ የተጻፈበትንና በፋብሪካ የተቀጠቀጠውን ገዝታችሁ ብትገጥሙለት እመርጣለሁ፤ ሥራችሁን ለማጣጣል አይደለም፣ ያልተፈተነ መንጠቆ ምን ያህል እንደሚሸከም የሠራውም ሰው ስለማያውቅ ነው።

የተሰነጠቀውን መንጠቆ በብየዳ አትመልሱት፤ አትጣሉትም። በመጋዝ ስንጥቁን አቋርጣችሁ ሳይሆን ከጎኑ ቁረጡትና ስንጥቁን በቀዝቃዛው በፕሬስ ክፈቱት፤ ፊቱን ዘይት ሳትነኩት ተመልከቱ። ቀለበቶቹ ከጋዝ ጠርዝ ላይ ካለ አንድ ጭረት ከተነሡ ጥፋቱ የጠርዙ ነው፤ ፊቱ በደረጃ በደረጃ፣ እንደ ተሰነጠቀ እንጨት በተደራረበ ንጣፍ ከተላቀቀ ደግሞ ሽማግሌው ያሉት የክሩ ነገር ነው። ምናልባት ሁለቱንም ታዩበታላችሁ፤ ፎቶውን በጥሩ ብርሃን፣ ከጎን በኩል አንሥታችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።